አምስት ደረጃ

ፍራንክፈርት፣ ቦርንሃይም ውስጥ በገዛነው አሮጌ ሕንፃ ሊፍት አለ። ሊፍቱ ጋ ለመድረስ ግን ከመንገዱ በር አምስት ደረጃ መውጣት ነው። አባቴ በስኳር ምክንያት አንድ እግራቸው ከተቆረጠ ወዲህ እነዚያ አምስት ደረጃዎች ክረምቱን ሙሉ ከጁምዓ አስቀሯቸው። ቤት ገዛሁ ብዬ እስር ቤት አስገባኋቸው።

ራምፔ፣ ማለት ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ተዳፋት፣ ይሠራልን ብዬ ለቤት ባለቤቶች ማኅበር አመለከትኩ። ሁሉም ባለቤት ካልፈረመ አይሆንም ተባልኩ። ሁሉም ፈረሙ፤ ከደረጃው አናት ያሉት አሮጊት ብቻ ቀሩ። በስድስት ዓመት ፊታቸውን አይቼ አላውቅም። ሳልፍ የበራቸው ማያ ቀዳዳ ጥቁር ይላል፤ ያኔ ሰው ቆሞ እንደሚያየኝ አውቃለሁ። ደውዬም ጽፌም አልመለሱልኝም። ክፉ ናቸው ብዬ በሆዴ ረገምኳቸው።

እንግዲህ ሰው እምቢ ሲል እኛ ሽማግሌ ነው የምንልከው። ከመስጊድ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ለመንኩ። «ኡንተርሽሪፍቷ፣ ፊርማዋ ብቻ ነው የቀረው፣ ፈርሚ በሏት» አልኳቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ተምር ይዘው መጡ። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይቆምምና እኔ ሦስተኛ ፎቅ ሆኜ ጠበቅኩ።

ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ተምሩም እጃቸው ላይ ነው።

«አንኳኳን፤ ከውስጥ ተንኳኳ» አሉኝ ትልቁ። «ደገምን፤ ተደገመ። የሰው ድምፅ ግን የለም። ደግሞ የሚንኳኳው ከታች ነው ልጄ፣ ከጉልበት በታች። ሰው እዚያ ጋ ያንኳኳል?»

«ውሻ ይሆናላ።»

«ውሻ ይቆጥራል? ሦስት ስንመታ ሦስት ነው የመለሰው!» አዑዙ ቢላሂ እያሉ ወጡ።

አፈርኩ፤ ለአባቴ አልነገርኳቸውም። እሁድ ጠዋት ቆሻሻ ላወጣ ስወርድ ማያ ቀዳዳው ብርሃን ነበር። አለፍኩ፤ አልጠቆረም። ተመልሼ አለፍኩ፤ አሁንም አልጠቆረም። ሮጬ ሊፍት ውስጥ ገባሁ።

ምሳ ላይ የሽማግሌዎቹን ፍርሃት ለአባቴ እየሳቅኩ አወራኋቸው። አባቴ አልሳቁም። የጠቀለሉት እንጀራ እጃቸው ላይ ቀረ።

«መታጠቢያ ቤት የወደቅኩ ቀን እንዴት ነበር የጠራሁሽ?»

ወለል ላይ ተዘርረው፣ ድምፃቸው አልወጣ ብሎ፣ የበሩን ታች ነበር የመቱት።

ወረድኩ። ተንበርክኬ ከበሩ ሥር ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ጆሮዬን ለጥፌ ቆየሁ። ምንም አልመጣም።

ደወልኩ፤ የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው በሩን ሰበሩት። አሮጊቷ ካፖርታቸውን እንደለበሱ በሩ ሥር ወድቀዋል፤ ነፍሳቸው ወጥታለች። እጃቸው ሥር ፖስታ ነበር። ፖስታ ሳጥን ሊያስገቡት ሊወጡ ሲሉ ነው የወደቁት። የሕንፃው አስተዳዳሪ በኋላ ውስጡ የነበረውን የራምፔውን ቅጽ አሳየኝ፦ «እስማማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት፣ ከሥሩ የተንቀጠቀጠ ፊርማ።

ራምፔው ተሠራ። አባቴ ዓርብ ዓርብ ጁምዓ ሲወጡ ያ በር ጋ ወንበራቸውን ያስቆሙኛል። ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ፤ ከወንበራቸው እጃቸው የሚደርሰው ከታች ነው። ቤቱ እስካሁን ባዶ ነው። መልስ እንደሚመጣ ሁሉ ይጠብቃሉ፤ እኔም አብሬያቸው አዳምጣለሁ። ከቅዳሜ ከሰዓት እስከ እሁድ ምሳ፣ በእኔና በሴትየዋ መሃል የነበረው አንድ ሊፍት ብቻ ነበር።