ቀን የምትነክሰው ቢምቢ

ልጅ ሳለሁ፣ ጅቡቲ፣ አርሂባ ሰፈር፣ ሙቀቱ በጠናባቸው ወራት መብራት ሲጠፋ የግቢው ልጆች አባባ ተሰማ ደጃፍ እንሰበሰብ ነበር። አባባ ተሰማ ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአዲስ አበባ ወደቡ ድረስ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም እዚያው የቀሩ ሽማግሌ። ፋኖሱን ዝቅ አድርገው፣ ለቢምቢው ብለው ፍሙ ላይ የእንቁላል ካርቶን ጣል ያደርጉና፣ ጭሱ እያስለቀሰን «ዛሬስ የቷን ላውራችሁ፣ እናንተ ንፍጣሞች?» ይሉናል።

እኔና ትንሿ እህቴ ሃና የምንወደው የቢምቢን ተረት ነበር። ቢምቢ ሌባ ናት፤ ፀሐይ ስለምትፈራ ቀኑን ረግረግ ውስጥ ተደብቃ ትውላለች፣ ሲመሽ ትወጣለች፣ አጎበር ካየች ግን እያለቀሰች ትመለሳለች። ሃና እዚህ ጋ በሳቅ ፍርስ ትላለች። ማታ የአጎበሩን ጠርዝ ፍራሹ ስር የምትወትፈው እሷ ነበረች። ቀን ግን ማን ይፈራል? ቧንቧው ስለሚቋረጥ እማዬ ንጹህ ውሃ ሞልታ የምትደረድራቸው ክፍት በርሜሎች ጥላ ስር፣ እግራችንን እያከክን ስንጫወት እንውላለን።

አንድ ቀን ሃናን ትኩሳት ጣላት። እማዬ «ወባ ይሆን እንዴ? ሐኪም ቤት ልውሰዳት?» ብትል አባባ ተሰማ ተቆጡ።

«አጎበር ውስጥ የምታድር ልጅ ምን ወባ አላት! በዚህ ፀሐይ ስትንቀዋለል ውላ ምች መትቷት ነው እንጂ።»

ሾፌሮች ከድሬዳዋ ያመጡላቸውን ዳማከሴ እያሹ ሦስት ቀን ቀቧት። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደ፤ እማዬ «ተመስገን» አለች። ከሰዓት በኋላ የሃና ድድ መድማት ጀመረ። ሐኪም ቤት ይዘናት በረርን፤ ይዘናት ግን አልተመለስንም።

ሐኪሟ ለእማዬ ስታስረዳ ሰማሁ። ደንጊ የሚባል በሽታ ነው አለች፤ ይህን የምታስተላልፈው ቢምቢ የምትነክሰው በቀን ነው፣ የምትፈለፈለውም ክዳን በሌለው ንጹህ ውሃ ውስጥ።

ለቅሶው ሳያበቃ አባባ ተሰማ ፊት ሄጄ ቆምኩ። «ተረትዎ ውሸት ነው! ሃናን የገደሏት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

«እውነትሽን ነው፣ ልጄ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ተረት አውርተው አያውቁም፤ በዓመቱ ሞቱ። ዛሬ እኔም የልጅ እናት ነኝ። ያን ሦስት ቀን ከሃና አልጋ ጎን ንቅንቅ ሳይሉ እንደሰነበቱ፣ እህል ውሃም እንዳላሉ አሁን አሁን ትዝ ይለኛል። ማናችንም አናውቅም ነበር፤ እኔ ግን ያን ጊዜ የምወቅሰው ሰው ፈለግሁ። አንጀቴን የሚበላኝ ይኸው ነው፤ ሽማግሌው የተናገርኩትን አምነው ሞቱ።