ቅሬ የወጣለት እንቅልፍ

ፋኢዛ ከኮምቦልቻ ሚኒባስ ስትወርድ ትከሻዋ ጆሮዋን ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበር። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ አጎንብሳ ትውላለች፤ ማታ ሆጤ ሰፈር ካለው ቤቷ ገብታ ጋደም ስትል ደግሞ ሰውነቷ ይተኛል እንጂ ሐሳቧ አይተኛም። ከጦርነቱ ወዲህ እንዲህ የሆነው ሰው ብዙ ነው፤ የሚያወራው ግን ጥቂት ነው። እሷ አወራች። ለጀርባዋ ሕመም የምታክማት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ጽናት የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ፣ ሰምታ ሰምታ፣ «አንቺ ማረፍ ረስተሻል፤ ማረፍም እኮ ይለመዳል» አለችና የሚያሳርፈውን ዮጋ አሳየቻት።

ነገሩ ዝላይም መተጣጠፍም የለውም። ጀርባ ሥር መከዳ፣ ጉልበት ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ ዓይን ላይ ጨርቅ፤ ከዚያ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ እያወጡ ዝም ማለት ነው። ፋኢዛ ውላ አድራ መተኛት ጀመረች። ለራሷ ብቻ ይዛው ብትቀር ግን ፋኢዛ አትባልም! ቅዳሜ ከሰዓት የጎረቤት ሴቶችን ሳሎን ውስጥ ሰበሰበች። «የማን አምልኮ ነው?» ላለቻትም፣ «መተንፈስ የማንም አምልኮ አይደለም አቦ፣ ተኚ!» አለቻት።

ጣጣው የመጣው ከአማቷ ከእማማ ጣይባ ነው። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ በሳሎኑ ዙሪያ የተደረደሩት መከዳዎችም ከሙሽርነታቸው ጀምሮ ለእንግዳ የተጠበቁ ናቸው።

«የእንግዳ መከዳ ላይ ጤነኛ ሴት በጠራራ ፀሐይ ትዘረራለች?»

«እማ፣ ደክሞን እኮ ነው።»

«እኔስ መች ተኝቼ አውቃለሁ? በጦርነቱ ሙዓዝ ጠፍቶ በከረመ ጊዜ የሄደ እንቅልፌ መች ተመለሰ? እሱ መጥቶ ያንኮራፋል፣ እኔ ጣራ ሳይ አድራለሁ።» ሙዓዝ ልጃቸው፣ የፋኢዛ ባል ነው። ጥቂት አሰቡና ቆረጡ። «እንግዲያው ቅዳሜ እኔም እጋደማለሁ። እንቅልፍ ካልወሰደኝ መከዳዬ ወደ ቦታው፣ ሴቶቹም ወደየቤታቸው።»

ቅዳሜ ደረሰ። ፋኢዛ አማቷን መሐል አስተኝታ እግራቸውን ወንበር ላይ ስታወጣላቸው፣ «ያ ረቢ! በዚህ ዕድሜዬ እግሬ ከራሴ በላይ?» ብለው ሴቶቹን አሳቋቸው። ከዚያ ሁሉንም በነጭ ነጠላ ሸፈነቻቸውና ጥግ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ከእማማ ጣይባ ነጠላ አልተነሳም። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ቆይቶ ከሥሩ ቀጭን ማንኮራፋት ተሰማ።

ይሄኔ ጎረቤቷ ሙሉመቤት ወንፊት ልትዋስ በሩን ገፋ አደረገችው። ሴቶች በነጭ ተሸፍነው ተደርድረዋል፤ እማማ ጣይባ መሐል ናቸው። ፋኢዛ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ሙሉመቤት አስፋልት ላይ ነበረች።

«ወይኔ! እማማ ጣይባን! ኧረ ሁሉንም!»

በእኛ አገር ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የሚቀብረው ቅሬ፣ ማለትም እድሩ፣ ሁለት ጊዜ መጠራት አይፈልግም። ወንዶቹ የድንኳን ብረት ተሸክመው ከተፍ አሉ፤ ከፊት የቅሬው ሰብሳቢ አቶ ደጉ።

«ቀስ በሉ፣ በአላህ! ተኝተው ነው!» አለች ፋኢዛ በሹክሹክታ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ አቶ ደጉ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «አልቅሺ እንጂ፣ ውስጥሽ አትያዢው።»

ከአንዱ ትከሻ ብረቱ አምልጦ ደጃፉ ላይ ጮኸ። እማማ ጣይባ ብድግ ብለው ተቀመጡ።

«ማን ሞተ?»

«እርስዎ... እርስዎ ነዎት እኮ!» አሉ አቶ ደጉ።

ፋኢዛ አንገቷን ደፋች። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የተዋረደ ቤት መከዳውን መልሶ እንደማይሰጣት ገባት። እማማ ጣይባ ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ በሩ መጡ።

«ልጄ ከጠፋ ወዲህ ዛሬ ገና ዓይኔ ቢከደን ድንኳን ይዛችሁ መጣችሁ? አቶ ደጉ፣ ወላሂ ብሞት እንኳ እንዲህ አይቸኩሉም!» ሳቁ ሲበርድ የፋኢዛን እጅ ያዙ። «ሸጋ አድርጋ ያስተኛችኝ ምራቴ ናት። ወሬ ከፈለጋችሁ ይሄን አውሩልኝ።»

ዛሬ መከዳውን የሚያነጥፉት እማማ ጣይባ ራሳቸው ናቸው። ጽናትም አንዳንዴ ከኮምቦልቻ ትመጣና፣ አስተማሪነቷን ትታ ፋኢዛ ፊት ትጋደማለች። በሩ ከመዘጋቱ በፊት እማማ ጣይባ አንገታቸውን ወደ መንገዱ ያወጣሉ።

«ሙሉመቤት! ልንተኛ ነው፣ ማንም አልሞተም!»

«እዚሁ ነኝ እኮ እማማ» ትላለች ሙሉመቤት ከኋላቸው፣ እግሯን ወንበር ላይ እንደሰቀለች። «በሩን ይዝጉትና ይምጡ።»