ሽማግሌውን ፀሐይ ያሞቅንበት ደረጃ

በመስታወት የሚገባ ፀሐይ አላምንም። እናቴ ዛሬ እግሯ ደክሞ አሜሪካ፣ ሳንሆዜ ከተማ እኔ ጋ ነው የምትኖረው፤ «መስኮቱ ሥር አስቀምጪኝ፣ ይበቃኛል» ስትለኝ እሺ አልላትም። ደግፌ ወደ ውጭ አወጣታለሁ። የሞቀ መስታወት በእጄ በነካሁ ቁጥር ሽማግሌው ትዝ ይለኛል።

ሽማግሌው እንሽላሊት ነበር። ሱቅ ውስጥ ቢርድድ ድራገን፣ ጢማም ዘንዶ እንደማለት፣ ይሉታል፤ እናቴ ግን አገጩ ሥር ያለውን ሻካራ ጢም አይታ ሽማግሌው አለችው። ያኔ በዘጠናዎቹ ኦክላንድ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እናቴ በርክሌ የምትባል ጎረቤት ከተማ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። አንድ ምሽት ተኩስ ከሰማች ወዲህ ሰፈሩን ስለፈራችው፣ ከትምህርት ቤት እንደገባሁ በሩ ይቆለፋል፣ ሰንሰለቱ ይገባል፤ እስከ ማግስቱ መውጣት የለም። የልጆች ጩኸትና የኳስ ድምፅ ከታች ሲመጣ ግንባሬን መስኮቱ ላይ ለጥፌ እሰማለሁ። ታክሲ ነጂው አጎቴ አዘነልኝና እንሽላሊቱን ከነመስታወት ሣጥኑ አመጣልኝ። እስረኛን በእስረኛ ማጽናናት መሆኑ ነው።

ሣጥኑን መስኮቱ ሥር አደረግኩት። የከሰዓቱ ፀሐይ ሁሉ የሱ ነበር። ግን ውሎ አድሮ ፌንጣ ሲጣልለት መዝለል ተወ። ቀጥሎ የኋላ እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሆዱን ከአሸዋው ማንሳት አቃተው። አንድ ቀን መንጋጋውን ስዳብሰው እንደ ላስቲክ ለስልሶ ጣቴ ሥር ጎበጠ። ከሱ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም፤ በጣም ፈራሁ። የማይደፈረውን ደፍሬ እናቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት።

አጎቴ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰደን። አስተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ። ሐኪሟ ፀሐይ ያገኛል ወይ ስትለኝ፣ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ነው ብዬ በኩራት መለስኩ። መስታወቱ አጥንት የሚያጠነክረውን ጨረር እንደሚያስቀር ነገረችን። ምግቡ ላይ የካልሲየም ዱቄት እንድንነሰንስለት፣ ልዩ መብራት እንድናበራለት፣ አየሩ ሲሞቅም ውጭ አውጥተን ፀሐይ እንድናሳየው አዘዘች።

«አጥንቱ ሶፍት ሆኗል» አልኳት ለእናቴ፣ «መስኮቱ ፀሐዩን ብሎክ ያደርገዋል።»

«ጨቅላ ሳለሽ በየጠዋቱ ቅባት እየቀባሁ ፀሐይ አሞቅሽ ነበር» አለች እናቴ። ከዚያ እንሽላሊቱን ትታ እኔን አየችኝ።

«አንቺስ?» አለች በቀስታ።

በማግስቱ ከሰዓት እንቅልፏን አቋርጣ ሰንሰለቱን ፈታች። እጇ ላይ ቤቢ ኦይል ይዛለች። እንሽላሊት አይቀባም ብዬ ብለምናት፣ ያለ ቅባት ደግሞ ምን ፀሐይ መሞቅ አለ እያለች አጉረመረመች። የሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ሽማግሌው ጭኔ ላይ ተዘርግቶ ገላው ጠቆረ፤ ሙቀት ሲፈልግ እንደዚያ ነው። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ አንቀላፋች። ፀሐይ በወጣ ቁጥር እንዲሁ እናደርግ ጀመርን። የሰፈሩ ልጆች እሱን ሊያዩ መጡ፣ ቆይተውም እኔን አጫወቱኝ።

እግሩ መንቀጥቀጡን ተወ፤ መንጋጋው ግን እንደጠመመ ቀረ። ዘግይተን ኖሮ ክረምቱን አልተሻገረም። ከሕንፃው ጀርባ ቀበርነው። ያለቀስኩት ለሱ ብቻ አልነበረም። ከእንግዲህ የምንወርድበት ምክንያት አልቋል፣ በሩ ይዘጋል ብዬም ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ገባሁ፣ ቦርሳዬን አስቀመጥኩ፣ ሰንሰለቱን ራሴ አስገባሁት። እናቴ ዓይኗን እያሻሸች ከመኝታ ቤት ወጣች። ሰንሰለቱን አየችው፤ ፈታችው።

«ነይ እንውረድ» አለችኝ፣ «ፀሐይዋ ሳታልፈን።»