ከማዶ የሚታየው ካርታ

አክስቴ ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ «የምድር ወገብ» ይሏታል፤ ከፊሉ ስለዚያ መስመር ደጋግማ ስለምታወራ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ወገቧ ሰፋ ስለሚል። ስሙን ታውቀዋለች። «ከዋልታ ይሻላል፣ ቢያንስ ይሞቃል» ትላለች።

ከልጅነቷ ጀምሮ ነገር የያዘች እንደሆነ አትለቅም። አያቴ ጨው ግዢ ብላ ልካት፣ ከዝናብ በኋላ የመንገዱ ጎርፍ የት እንደሚገባ ስትከተል ማምሸቷን እስካሁን ታወራለች። «ጨውም አልመጣ፣ ልጅም አልመጣ» ትላለች አያቴ። አክስቴ ግን ጎርፉ የት እንደገባ ዛሬም ታስታውሳለች።

የምታስተምርበት ክፍል ለአርባ ልጅ ተብሎ የተሠራ ነው። በዚያ ዓመት ሰማንያ ሁለት ነበሩበት። ለሦስት በተሠራ አግዳሚ ላይ አምስት ይቀመጣሉ፤ ጫፍ የደረሰው አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ በአግዳሚዎቹ መካከል መተላለፊያ የሚባል ነገር የለም። ኋላ ያለ ልጅ መውጣት ቢፈልግ ረድፉ በሙሉ ይነሳለታል። አንዳንዱ ይህን ስለሚያፍር ጠዋት ውሃ ሳይጠጣ ይመጣል። የአክስቴም ግዛት ከበሩ እስከ ሰሌዳው፣ ከሰሌዳው እስከ መስኮቱ ድረስ ብቻ ነው። ከአራተኛው ረድፍ ወዲያ ያለውን ልጆቹ ራሳቸው «ማዶ» ብለውታል። «ማዶ ላጲስ ያለው?» ይባላል፤ ላጲሱ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል፣ አንዳንዴም ሳይመለስ ይቀራል።

ነገሩ የተነሳው በአጋማሽ ዓመት ፈተና ነው። ባለቀለም ካርታ ለዚያ ሁሉ ልጅ ማባዛት አይቻልም። አክስቴ ዘዴ ፈጠረች። የከፍታና የዝቅታ ቦታዎችን የሚያሳየውን ትልቁን የግድግዳ ካርታ ሰሌዳው ላይ ሰቀለችና፣ ከካርቶን የቆረጠቻቸውን ሦስት ትልልቅ ፊደላት፣ ሀ፣ ለ እና ሐ፣ በላዩ ላይ በስፒል ሰካች።

«ማዶ፣ ፊደሉ ይታያችኋል?»

«ይታያል፣ ቲቸር።»

ጥያቄዎቹ ከባድ አልነበሩም። ከሦስቱ ቦታዎች ከፍተኛው የቱ ነው፣ ወንዙ ከየት ወደ የት ይፈሳል፣ ብርድ የሚጠናው የት ነው፣ ለምን።

ወረቀቱን ቤት አምጥታ ማረም ጀመረች። የፊተኞቹ ረድፎች ደህና ሄዱላት። ከዚያ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ወንዙን ሽቅብ አስኬዱት» አለች።

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጫማውን እየፈታ፣ «ማርሽ ቀይረውለት ይሆናላ» አላት።

ቀጣዩንም አየች፤ ሽቅብ። የሚከተለውም እንዲሁ። ከማዶ ከመጡት ወረቀቶች ጥቂቱ ሲቀር ሌላው ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተት ነበረበት፤ ከፍተኛውን ቦታ ዝቅተኛ፣ ዝቅተኛውን ከፍተኛ አድርገውታል። ባሏ ራቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቋት ተስፋ ቆረጠና ብቻውን በላ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ወረቀቶቹን አገላበጣቸው። በዕድሜ ይበልጣታል፤ ረጋ ያለ የኬሚስትሪ ሰው ነው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤቱ ስም በኩረጃ ተነስቶ ስለነበር ከዚያ ወዲህ ጥላውንም አያምን።

«ኩረጃ ነው» አለ። «የኋላዎቹ በሙሉ ዜሮ ይያዝላቸው።»

«በሙሉ?»

«በሙሉ። ሰኞ ውጤት ይለጠፋል።»

ዜሮው ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያ ትምህርት ቤት አንድ ትምህርት ክፉኛ የወደቀ ክፍሉን ይደግማል፤ ከማዶዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ያለ ዜሮውም ገደል አፋፍ ላይ ነበሩ። አንዷን አክስቴ በደንብ ታውቃታለች። «ጭራሽ» ሳትል አፏ ስለማይከፈት ልጆቹ በዚያው ቃል የሰየሟት ናት። አባቷ «ከደገምሽ ደብተርሽን አስቀምጠሽ አጎትሽ ላውንደሪ ትገቢያለሽ» ብሏታል። ቀልድ የሚያውቅ ሰው አይደለም።

«እስቲ ልብ ብለው ይዩት» አለች አክስቴ። «ሰው ሲኮርጅ ከጎበዝ ነው የሚኮርጅ። እነዚህ ማንን ኮረጁ? ደግሞ ‹ለምን› ለሚለው ሁሉም በየራሱ ቃል ነው የመለሰው። ወንዝ ከከፍታ ወደ ዝቅታ እንደሚወርድ ያውቃሉ። ከፍ ሲል እንደሚበርድ ያውቃሉ። የተሳሳቱት መነሻው ላይ ብቻ ነው። ሥርዓት ያለው ስህተት ነው።»

«የኔ እህት፣ ሥርዓት ያለው ስህተት እኮ ነው ኩረጃ የሚባለው።»

«እስከ ሰኞ ይታገሱኝ።»

«እስከ ሰኞ» አለና ወረቀቶቹን መለሰላት።

የዚያን ቀን ትምህርት ሲያልቅ ጭራሽን አስቀረቻት። ልጅቷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች።

«ወንዙን ለምን ከ‹ለ› አስነሳሽው?»

«‹ለ› ከፍ ያለ ነዋ፣ ቲቸር።»

«ማን አለሽ?»

«አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ አገር ደጋ ነው፤ ዝናብ አለው፣ ሣር አለው። ቡናማው በረሃ ነው። በረሃ ጭራሽ ከፍ ይላል?»

አክስቴ ወደ ካርታው ዞረች። በካርታው ላይ አረንጓዴው ዝቅተኛ፣ ቡናማው ከፍተኛ ቦታ ነው። ለእሷ ይህ ነገር እንደ ስሟ የታወቀ ስለሆነ፣ በሌላ መንገድ ሊታይ እንደሚችል አስባ አታውቅም። ልጅቷ ግን በዘፈቀደ አልመለሰችም፤ ካርታውን ሳይሆን የምታውቀውን አገር ነው ያየችው።

«መፍቻውን አላየሽውም?»

«የቱን መፍቻ?»

መፍቻው በካርታው ታችኛው ማዕዘን ያለች ትንሽ ሣጥን ናት፤ የትኛው ቀለም ምን ማለት እንደሆነ የምትናገር። አክስቴ በመጀመሪያው ሳምንት አስተምራዋለች። እርግጠኛ ናት።

«እስቲ አንቺ እኔን ሁኚ» አለቻት። «እዚያ ቁሚና እንደማስተምረው አስተምሪኝ። እኔ አንቺ ቦታ እቀመጣለሁ።»

በባዶው ክፍል እንኳ እስከ መጨረሻው አግዳሚ ለመድረስ ተጠማዝዛ ነው ያለፈችው። ተቀመጠች። ጭራሽ መጀመሪያ አፈረች፤ ቀጥላ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ ጉሮሮዋን ጠራረገች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ጣቷን ካርታው ላይ አሳረፈች።

«ልጆች፣ ይሄ እዚህ ጋ ያለው ከፍ ያለ ነው። ያኛው ደግሞ፣ ያው እንደምታዩት፣ ዝቅ ያለ ነው። ይቺን ነገር ልብ በሉ፣ ይቺ ከሌለች ካርታ የለም። ገባችሁ? ገባችሁ። እንቀጥል።»

አክስቴ እስኪያማት ሳቀች። ሳቁ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። ድምፁ ይሰማል፤ ጣቱ አይታይም። «ይሄ» የቱ ነው? «ይቺ» ማናት? የልጅቷ ትከሻ መፍቻውን ሸፍኖታል፤ ልጅቷ ዞር ስትልም ሣጥኗ ከዚያ ሆነው ሲያዩዋት የቴምብር ያህል ናት። ቀለሞቹ ግን ጎልተው ይታያሉ። ፊደላቱም እንዲሁ፤ ራሷ ናት አሳምራ የቆረጠቻቸው።

«እኔ እንደዚህ ነኝ?» አለች።

«ትንሽ ጨምሬበታለሁ» አለች ጭራሽ።

አሁን ምክንያቱን አውቃለች፤ ለዳይሬክተሩ ግን ወሬ አይበቃውም። ያን ምሽት ትልቅ ወረቀት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የሌለ ደሴት ሳለች፤ ወደብ፣ ተራራ፣ ሁለት ከተማ። ብዙ ዝናብ የሚያገኘውን ግማሽ ቢጫ፣ ደረቁን ግማሽ ሰማያዊ ቀባችው። ካርታ የሚሠራ ሰው መፍቻውን እስካስቀመጠ ድረስ የፈለገውን ቀለም መምረጥ ይችላል። መፍቻውን ማዕዘኑ ላይ፣ እንደ ሌሎቹ ካርታዎች በትንሹ ጻፈችው።

ባሏ አጎንብሶ አየው። «ይሄ አገር ቪዛ ይጠይቃል?»

«ለሹፌር አይሰጥም።»

«ቀድሞም መንገድ የለው።»

ዓርብ ዕለት ዳይሬክተሩን ጋብዛ ከኋላ ግድግዳ ጋ አቆመችው። ከዚያ ፊተኞቹን ወደ ማዶ፣ ማዶዎቹን ወደ ፊት አዛወረቻቸው። ቦርሳ፣ ክርንና ስድብ ተቀላቅሎ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ምንም አልቀረውም። ከመጀመሪያው ረድፍ ተነስቶ የማያውቀው፣ በሁሉም ነገር አንደኛ የሆነው፣ «አትላስ» የሚሉት ልጅ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተጣብቆ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እኔ ከዚህ ሆኜ እንዴት ነው የምማረው?»

ከፊት ጭራሽ ዞር አለች። «ጭራሽ ቅሬታ አለው።»

«እኛ የኖርንበት ቤት ነው፣ አይዞህ» አለው ሌላው። «ጣሪያው አያፈስም።»

አክስቴ የደሴቱን ካርታ ሰሌዳው ላይ ሰቅላ ሁልጊዜ እንደምታስተምረው አስተማረች። በጣቷ አሳየች፣ «ይሄ» አለች፣ «ያ» አለች፣ መፍቻውንም ነካ አድርጋ አለፈች። ቀጥላ ወረቀት አስወጣቻቸውና፣ ከደሴቱ እርሻ የሚበጀው በየትኛው በኩል ነው፣ ለምን፣ ብላ ጠየቀች።

መልሱ ተሰበሰበ። ከማዶ የመጡት ወረቀቶች ከሞላ ጎደል ሰማያዊውን መርጠው ነበር፤ ውሃ ያለበት ነው ብለው። አትላስ ምክንያቱን በሦስት ነጥብ ከፋፍሎ፣ አሳምሮ ጽፎ፣ ጥርት አድርጎ ተሳስቷል። ከፊት የተቀመጡት አብዛኞቹ ቢጫውን አግኝተዋል። ሁለቱ ግን መፍቻው አፍንጫቸው ሥር ሆኖ ሰማያዊ ብለዋል፤ እነሱን ምን እንደነካቸው አክስቴ እስካሁን ይገርማታል።

ኮሪደር ላይ ሲደርሱ ዳይሬክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም በልቤ ሰማያዊውን ብዬ ነበር።»

«ከማን ኮረጁ?» አለችው።

ሳቀ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለ። «ታዲያ ምን ላድርግልሽ? ሌላ ክፍል የለኝም። ሌላ መምህርም የለኝም። ለሁለት ልክፈላቸው ብልስ ግማሾቹን የት አስቀምጣቸዋለሁ? ኮሪደር ላይ?»

«እሱን አውቃለሁ። ዜሮውን ያንሱልኝና ደግሜ ልፈትናቸው። ነገ፣ ቅዳሜ።»

«ደሞዝ የለውም።»

«አውቃለሁ አልኩ።»

ቅዳሜ ማዶዎቹን ስምንት ስምንት እያደረገች አስገባቻቸው። መጀመሪያ ካርታው ጋ አስጠግታ እያንዳንዱ መፍቻውን በራሱ ጣት እንዲነካ አደረገች፤ ከዚያ የግድግዳውን ካርታ እንዳለ ትታ ፊደላቱን ወደ ሌሎች ቦታዎች አዛወረችና ፈተነቻቸው። ጭራሽ በሁለተኛው ቡድን ነበረች። ጽፋ ጨርሳ ወረቀቷን ከሰጠች በኋላም አልወጣችም። የመፍቻው ሣጥን ላይ አፍንጫዋን ደቅና ቆየች።

«ቲቸር።»

«አቤት።»

«አረንጓዴው ዝቅተኛ ይሁን ያለው ማን ነው?»

አክስቴም ጠጋ ብላ ሣጥኗን አየቻት። ይህን ያህል ዘመን ስታስተምር ማንም ጠይቋት አያውቅም። ምናልባት ከማዶ የጠየቀ ኖሮ አልሰማችው እንደሆነም አታውቅም።

«አላውቅም» አለቻት። «አንቺም አስቢበት፣ እኔም ልፈልግ።»

ሰኞ ውጤቱ ተለጠፈ። ከማዶ የወደቁ አልጠፉም። ካርታው አጠገባቸው ሆኖም ያላጠኑት አላጠኑም፤ አንዱ ደግሞ መነጽር እንደሚያስፈልገው ያን ቀን ታወቀ። የቀሩት አለፉ። ጭራሽም አለፈች፤ በሰፊው አይደለም፣ ግን ሲጠብቃት የነበረው ላውንደሪ ሌላ ሰው እንዲፈልግ የሚያደርግ ያህል።

የተለጠፈውን አይታ በቀጥታ ወደ ክፍል፣ አክስቴ ጋ ሄደች። ልታመሰግን መስሏት አክስቴ ፊቷን አዘጋጅታ ነበር።

«ካርታውን የሠራው ሰው ሜዳው የለመለመበት አገር ሰው ነው» አለች ልጅቷ። «የነሱ ተራራ ድንጋይ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ቡናማ ቀባው።»

አክስቴ መጻሕፍቷን ሁለት ቀን አገላብጣ ምንም አላገኘችም ነበር። ግምቱ ልክ ይሁን አይሁን አላወቀችም። ነገር ግን ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሲገቡ ልጅቷን ወደ አግዳሚዋ አልላከቻትም፤ ካርታው ጎን አቆመቻትና፣ «እስቲ ያልሽውን ጮክ ብለሽ ድገሚው» አለቻት። «ከኋላ አልተሰማም።»