መልሰሽ ትከይ

ዛሬ ሰቆጣ ዳር ባለ ማሳ፣ አጎቴ የተፋፈገውን የዳጉሳ ቡቃያ እየነቀሉ ሲያሳሱ ገበሬው ከቧቸው ይማራል። የእርጥቡ ሥር ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ደሜ ፈላ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ይህንኑ በገዛ ማሳችን ስታደርግ ያገኟት እኚሁ አጎቴ ነበሩ። «እግዜር ያበቀለውን ትነቅያለሽ? አንቺን ብሎ አራሚ! መልሰሽ ትከይ!» ብለው ጮኹባት። ጎረቤት ቆሞ እያየ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክካ የነቀለችውን ሁሉ መልሳ ተከለች። ቀና ሳትል፣ «ባንድ ጡት አሥር ልጅ አያድግም» አለችኝ። የዚያ ዓመት ዳጉሳችን አገዳ ብቻ ሆኖ ቀረ።

«ካልሳሳ ፍሬ የለውም!» ይላሉ ዛሬ። ሰው ያጨበጭባል። «ነይ፣ አንቺም ንቀይ እንጂ!» አሉኝ። እጄን አጣምሬ ቆምኩ። «መልሰው ይትከሉ!» የሚላቸው አንድ ሰው እንኳ ጠፋ!