አሥራ ስምንት ቋጠሮ

ሾዴ ወሬ አይወድም። ሽሮ ሜዳ ውስጥ ወሬ የማይወድ ሰው ብርቅ ስለሆነ ይኸው ጠባዩ ብቻ አስከብሮታል። ስለ ኑሮው፣ ስለ ዶላሩ፣ ስለ መጪው የዘመን መለወጫ ገበያ ሁሉም የሚለው ሲኖረው፣ እሱ እግሩን ከመሸመኛው ጉድጓድ ከትቶ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እያመላለሰ ዝም ነው። ከጨንቻ ልጅ ሆኖ ከመጣ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ከሰው የተጣላው ሁለቴ ሲሆን፣ ሁለቴም በጥለት ነው። ነጠላ ጠርዝ ላይ የሚያወጣውን ባለቀለም ጌጥ ሰው አይቶ ሲቀዳበት ያ ዝምተኛ ሰውዬ ሌላ ሰው ይሆናል።

ሚስቱ አዲሳለም የሁለቱንም ድርሻ ታወራለች። የሱን ሸማ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሸጠችው በዚያ አፏ ነው። «ንኪው እስቲ፣ ገልብጪው፣ ጀርባውን እዪው» ብላ ከጀመረች፣ ዝም ብላ ልታልፍ የነበረች ሴት እንኳ ዱካ ላይ ቁጭ ትላለች። ሱቋ ከዋናው መንገድ ገባ ያለች ጠባብ ቤት ናት፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ዘንድሮ ክረምት ግን ሁለተኛውም ጠፋ። ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ይነካሉ፣ ይጠይቃሉ፣ «እንመለሳለን» ብለው ይሄዳሉ። አዲሳለም ቤት ስትገባ ዝም ማለት ጀመረች፤ ሾዴንም ከገበያው መቀዝቀዝ ይልቅ ያስፈራው ይህ ዝምታዋ ነበር።

በዚህ መሀል ኪብሮን መጣ። ኪብሮን አዲሱ ገበያ አካባቢ ለተከፈተው ባለ ስድስት ፎቅ ሞል ሱቅ የሚያከራይ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሰላምታው የማያልቅ ጎልማሳ ነው።

«እትዬ አዲሳለም፣ እርስዎ እዚህ ጭቃ ላይ ደንበኛ ይጠብቃሉ፤ ደንበኛው እኛ ጋ ነው ያለው» አላት። «ሦስተኛ ፎቅ፣ ኤስካሌተሩ፣ ተንቀሳቃሹ ደረጃ፣ ፊት ለፊት፣ አንድ ሱቅ ቀርታለች። ሰው ኢኮኖሚው ሞቷል ይላል አይደል? እሁድ ይምጡና ይዩት። መርገጫ የለም!»

ውሉ የሁለት ዓመት ነው። ሁለቱንም ሱቅ መያዝ ስለማይቻል የሽሮ ሜዳዋን መልቀቅ ግድ ይላል፤ እሷን ደግሞ የሚፈልግ ጎረቤት አልጠፋም፣ አንዴ ከገባባት አይወጣም። አዲሳለም ጭንቅ ያዛት። ያቺ ጠባብ ሱቅ ልጆቿን ያሳደገችባት ናት። ግን ማንም የማይገባባት ሱቅ ይዞ መቀመጥስ ምን ይባላል?

ታክሲ ውስጥ ብትጠይቅ የባሰ ግራ አጋቧት። ከፊት የተቀመጡ ሰውዬ «ሕዝቡ አልቋል፣ ሽንኩርት እንኳ በፍሬ ሆኗል» ሲሉ፣ ከኋላ አንዷ «ኧረ እባክዎ! ታዲያ ሞሉ ውስጥ የሚተራመሰው ማነው? ብር የሌለው ሰው ነው?» ብላ ወሬውን ቀማቻቸው። ረዳቱም «በቃ ብር አለ፣ እኛ ጋ ነው የሌለው» ሲል ታክሲው ሙሉ ሳቀ። አዲሳለም አብራ ስቃ ስትወርድ የቆረጠችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህን ነገር የማያወራ ሰው ሄዶ ማየት አለበት።

«አንተ ሾዴ፣ እሁድ ሂድና ቁጠርልኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«ሰውን ነዋ!»

ሾዴ መቁጠር ያውቃል። ሸማኔ ድር ሲያደራ ክሩን ይዞ ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው ይመላለሳል። አንድ ባለፈ ቁጥር አንድ ይላል፣ መቶ ሲሞላ ጣቱ ላይ በያዛት ቁራጭ ክር አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል። ይህን አባቱ ያስተማረው በሰባት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ የሚያልፈውን ሲያይ ጣቱ ለብቻው ይቋጥራል፤ አብሮት ሰው እያወራ እንኳ አይሳሳትም። እሁድ ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ ነጭ ክር ኪሱ ከቶ ወረደ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ኤስካሌተሩ አፍ ፊት ለፊት ካለው ምሰሶ ተደግፎ ቆመና ሽቅብ የሚመጣውን ሁሉ መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተቀመጠም።

ሲመለስ ፊቱ ቀልቷል። ክሩን አውጥቶ አዲሳለም መዳፍ ላይ አስቀመጠው። እሷ በጣቷ እየዳበሰች ቋጠሮዎቹን ቆጠረች፤ አሥራ ስምንት።

«አሥራ ስምንት መቶ?» አለች። «በሁለት ሰዓት?»

«ከዚያም ትርፍ አለው። ግን እሱን ተዪው። የፋሲካውን ጥለት ታስታውሺያለሽ?»

እንዴት ትረሳዋለች። ሾዴ ለፋሲካ ወይን ጠጅና የሎሚ ቅጠል መሳይ አረንጓዴ አቀላቅሎ አንድ ጥለት ፈጥሮ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። ዓይኑን ስላስለቀሰው አንዷን ነጠላ ብቻ ጨርሶ ሁለተኛ አልሠራም ብሎ ማለ። አዲሳለም በበዓሉ ዋዜማ ለአንዲት የቁስቋም ሴት ሸጠቻት።

«ዛሬ አራት ሴት ለብሰውት አየሁ» አለ ሾዴ። «አራት! ቀድተውብኛል። ክሩን ሳይቀር አንድ ዓይነት አድርገው ቀድተውብኛል!»

የሾዴን ንዴት አይቶ የማያዝን የለም፤ አዲሳለም ግን ብድግ ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሰው የማይገዛውን ነገር ማን ይቀዳል? ጥለቱ ተቀድቶ፣ ተሸጦ፣ ተለብሶ ሞል ውስጥ የሚዞር ከሆነ ገበያው ቆሟል ማለት ቅዠት ነው። ብሩም ሰውም ያለው እዚያ ነው፤ እሷ ናት ወደኋላ የቀረችው። እንዲህ ብላ አስባ ለኪብሮን ደወለች። የሚቀጥለው እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊፈራረሙ ተቀጣጠሩ፣ ለጎረቤቷም ሱቁን ሰኞ እለቅልሃለሁ አለችው። ሳምንቱን ሙሉ ስታወራ ሰነበተች። ሾዴ በዚያ ብቻ ግማሽ ንዴቱ በረደለት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱም የክት ልብሳቸውን ለብሰው ወረዱ። ሞሉ እንደተባለው ነው። በሩ ላይ ግፊያ ነው፣ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ወጣቶች በየመስታወቱ ፊት ፎቶ ይነሳሉ። ኪብሮን ውሉን በፕላስቲክ ማህደር ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጠበቃቸው። ጎኑ ካለው ምሰሶ፣ ባለፈው ሾዴ ተደግፎት ከነበረው፣ ደብተርና እርሳስ የያዘ አንድ ሰው ተደግፏል።

«እሱ ኑሕ ነው፣ ጫማ ነጋዴ» አለ ኪብሮን ድምጹን ዝቅ አድርጎ። «ይችኑ ሱቅ ይፈልጋታል። እናንተ ከተዋችኋት አሁኑኑ ይወስዳታል።»

አዲሳለም ሱቋን አየቻት። ታምራለች፤ ወለሉ ያበራል፣ መደርደሪያው መስታወት ነው። ደስ ሊላት ሲገባ ዓይኗ ወደ ጎን ሄደ። ከጎን ያሉት ሱቆች ውስጥ ሻጮቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። በፊታቸው ያ ሁሉ ሰው ይጎርፋል፣ አንድም እጅ ግን ልብስ አይነካም። ሃያ ሁለት ዓመት ሸማ የሸጠች ሴት ደግሞ እጅ ማየት ታውቃለች። ቢሆንም አሥራ ስምንት ቋጠሮ በጣቷ የቆጠረችው ራሷ ናት። እስክሪብቶውን ከኪብሮን ተቀበለች።

«ያቻት!» አለ ሾዴ።

ሚስቱን ትቶ፣ ውሉን ትቶ ሮጠ። ኤስካሌተሩ አፍ ላይ ያ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ጥለት ብቅ ብሏል። የለበሰችው ሴት አንዲት አሮጊት ደግፋ እግሯን ከማንሳቷ ሾዴ ደረሰባትና የነጠላዋን ጠርዝ አፈፍ አድርጎ ገለበጠው። በጀርባው፣ ጥለቱ የሚያልቅበት ላይ፣ ሁለት ጥቁር ክሮች ጎን ለጎን አሉ። ሾዴ በእጁ የሠራውን ጥለት ሁሉ በሁለት ጥቁር ክር ነው የሚዘጋው፤ ከፊት ስለማይታይ የሚቀዳ ሰው አያውቀውም።

«የኔ ነው!» አለ ግራ ተጋብቶ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ? የኔ ነው እንጂ!» አለች ሴትየዋ ነጠላዋን እየሰበሰበች። «ከሽሮ ሜዳ ነው የገዛሁት።»

አዲሳለም እስክሪብቶዋን እንደያዘች ደረሰች። «ኢየሩ! የፋሲካዋ ደንበኛዬ አይደለሽም እንዴ?»

ተሳሳሙ። ይቅርታው፣ ሳቁ፣ «ይህ ነው የሸመነው?» መባባሉ ካለፈ በኋላ ሾዴ ሆዱ ያልበረደለትን ጠየቀ። «እሺ አንቺ የኔን ለበስሽ። ሌሎቹስ? ባለፈው እሁድ አራት ሴት ለብሰውት በዓይኔ አይቻለሁ።»

የመለሱለት አሮጊቷ፣ የኢየሩ እናት ናቸው። ጥርሳቸው የጎደለ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እየሳቁ «አራቱም እኛ ነን ልጄ» አሉት። «ባለፈው እሁድ አራቴ ነው የወጣነው። አምስተኛ ልደግም ስል እሷ ታክሲ አናገኝም ብላ አስወረደችኝ።»

«አራቴ?»

«ስድሳ ዓመት ሙሉ የቁስቋምን ዳገት በዚህ ጉልበቴ ስወጣ ኖርኩ። ይኸኛው ዳገት ራሱ ያወጣኛል! በነጻ ነው ደግሞ፣ ማንም ምን አለኝ?»

ሾዴ ኪሱ ገብቶ ያንን ክር አወጣና ቋጠሮዎቹን አያቸው። ከዚያ ቀና ብሎ ኤስካሌተሩን አየ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብሱን ትቶ የሰዎቹን ፊት አየ። ያ ቢጫ ጃኬት የለበሰው ወጣት ቅድም አልፎ ነበር፤ ይኸው ደግሞ እየወጣ ነው። እነዚያ ሦስት ልጃገረዶች ባለፈው እሁድም ነበሩ። ሾዴ ሰዉን እንደ ድር ነበር የቆጠረው። ድር ሲደራ አንዱ ክር ነው የሚመላለሰው፣ ዞሮ በመጣ ቁጥር ግን ይቆጠራል፤ አለዚያ ሸማ አይሆንም። ሰው ግን ዞሮ ሲመጣ ያው ሰው ነው።

«አዲስዬ» አለ አፍሮ። «ቋጠሮዎቹ ልክ ናቸው። ሰዎቹ ናቸው ልክ ያልሆኑት።»

አዲሳለም ገባት። የመተላለፊያውን ብረት ያዘች። አንዲት ፊርማ ነበር የቀራት። ነገ ጠዋት ያቺን ጠባብ ሱቋን አስረክባ፣ ቁልፏን ሰጥታ፣ እዚህ መስታወት ውስጥ ተቀምጣ የሚያልፍ ሰው ስታይ ልትውል ነበር።

«ኢየሩ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እዚህ ስትመጡ ምን ትገዛላችሁ?»

«እኛ? ውሃ። አንድ ፍሬ ውሃ ለሁለት።»

«ኑሮ ከብዶ ነው?»

«ከብዷል እንጂ! ግን እሁድን ቤት ተቀምጠን ስለ ዘይት ዋጋ ከምናወራ ለብሰን ወጥተን፣ ሰው አይተን፣ እማዬ ዳገቷን ወጥታ ስቃ እንገባለን። ይህም አንድ ነገር ነው። ልብስማ ለመግዛት ሲሆን ያለ ሽሮ ሜዳ የት እሄዳለሁ? እዚህ ማን ያከራክረኛል? ማንስ ገልብጪው ይለኛል? ለእንቁጣጣሽ ለእማዬ ልገዛላት እየመጣሁ ነው፤ ዋጋ ግን እንዳትጨምሪብኝ።»

አዲሳለም ሳቋ መጣ፤ ዓይኗም አብሮ እንባ አቀረረ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና እስክሪብቶውን ለኪብሮን መለሰች።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ እኔ ከሱቄ አልወጣም» አለችው።

ኪብሮን ክፉ ሰው አይደለም። ውሉን ወደ ማህደሩ መልሶ ራሱን አከከ። «ሰው ግን ይመጣል፣ እትዬ። እሱን አልዋሸሁም።»

«አልዋሸህም። እኔም ብሆን ሥራ ባይኖረኝ እመጣ ነበር፤ ደስ ይላል» አለችው። ከልቧ ነው። ያ ሁሉ ሰው ከፍቶት ይሁን ደልቶት ማወቅ እንደማትችል አሁን ገብቷታል፤ ምናልባት ሁለቱም ነው፣ ምናልባት እንደ ኢየሩ አንዱን ለመርሳት ሌላውን ፍለጋ ነው። የሷ ቦታ የት እንደሆነ ግን አውቃለች፣ በቃት።

«ኑ እስቲ፣ አንዴ አብረን እንውጣ» አሉ አሮጊቷ የሾዴን ክንድ ይዘው።

ሾዴ አፈረ፣ እምቢ አለ፣ ወጣ። ሲወርዱ አዲሳለም «እንድገመው» አለች። ሾዴ ሁለተኛው ላይ እጁን ከብረቱ አነሳ። በሦስተኛው ላይ ሲስቅ ድምጹ ተሰማ፤ ሚስቱ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ዘመን አልፏል። ኢየሩና እናቷ ደክሟቸው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ባልና ሚስቱ ግን ለአራተኛ ጊዜ ሽቅብ ሲመጡ፣ ያ ጫማ ነጋዴ ኑሕ ከምሰሶው ስር ቆሞ ወደነሱ ቀና ብሎ አየና ደብተሩ ላይ ሁለት ሰረዝ አሰመረ።

ሾዴ አየው። ከኤስካሌተሩ ወርዶ ጠጋ አለና፣ ያ ወሬ የማይወድ ሰው፣ የሰውየውን ትከሻ ነካ አደረገው።

«ወንድሜ፣ እኛን አንዴ ብቻ ቁጠረን።»

ኑሕ ገጹ በሰረዝ የሞላውን ደብተሩን አየ፣ እነሱን አየ፣ እንደገና ደብተሩን አየ። «ስንቴ ነው የዞራችሁት?» አለ ቀስ ብሎ።

«አራቴ» አለች አዲሳለም፣ ባሏን እየጎተተች፤ «አምስተኛችንን ልንወጣ ነው።»