ሰብለ የወሰደችው ዳንስ

የሥራ ባልደረባዬ ሰብለ ዳንሴን የወሰደችው ሮተርዳም ወደብ አጠገብ በነበረው ካባሬት፣ በምሽት ትርኢት ቤቱ፣ እኔ ተጎድቼ በተኛሁበት በረዷማ ክረምት ነው። የዚያ ቤት የመጀመሪያዋ ጥቁር ዳንሰኛ እኔ ነበርኩ። ባለቤቱ የነብር ቆዳ ልበሺ ሲለኝ እምቢ አልኩ። በጥቁር ቀሚስ፣ እስክስታን ከነሱ ሙዚቃ ጋር አዋሕጄ ስሜን በሩ ላይ አስጻፍኩ። የደብራችን ሰዎች በዚህ የተነሣ ሰላምታ ነሥተውኛል። አልጋ ስይዝ ሰብለ ለባለቤቱ «ከእንግዲህ አትመለስም» ብላ ቦታዬን ያዘች፤ ስሜም ከበሩ ተፋቀ።

ባለፈው ሳምንት ልጇ ሊያ ቤቴ መጥታ፣ ዴን ሃግ ያለ ቲያትር የልምምድ አዳራሹን በእናቷ ስም ሊሰይም መሆኑን ነገረችኝ። አዳራሹን በስሟ የሚያሰይምላት ደግሞ ያ ዳንስ ነው። «አንቺም ትንሽ ንግግር ታደርጊያለሽ» አለችኝ። እሺ ያልኩት ስያሜው ሳይፈጸም እውነቱን ልናገር ነው።

ከሰፈሬ ከስሎተርቫርት ወደ ሮተርዳም

የባቡሩ ቅናሽ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በፊት ስለማይሠራ ጣቢያው ላይ በብርድ ቆሜ ጠበቅኩ። ከላይደን ከተማ በኋላ ሜዳው ሁሉ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ሮተርዳም የወረድኩት ለገብሬ ብዬ ነው። የካባሬቱ ከበሮ መቺ ነበር፤ ሁሉንም አይቷል። ቤቱ ሲዘጋ ወደብ መጋዘን ገብቶ ከዚያው ጡረታ ወጣ። ጾም ስለነበር ሚስቱ ምስር በዳቦ አቀረበችልኝ። አብሮኝ ሄዶ እንዲመሰክር ስለምነው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሊያን ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ» አለ። «እናቷን በሰው ፊት ለማዋረድ ምን ዓይን አለኝ?»

«እኔ ስዋረድ ግን ለማየት ዓይን ነበረህ» አልኩት።

ሚስቱ ሳህኑን አነሣች። እኔም ካፖርቴን አነሣሁ።

ዴን ሃግ

ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጃንጥላዬን ገለበጠው። ቲያትሩ ስደርስ ሊያ ለስያሜው በዓል ልጃገረዶችን ያን ዳንስ ታለማምዳለች። ሰብለ በሐር ሻርፕ ተሸፋፍና ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አላረጀሽም አለችኝ። ዓይኔን ወደ ልጃገረዶቹ መለስኩ።

የልጃገረዶቹ ቀኝ ትከሻ ይዘላል፣ ግራው ግን እንደወደቀ ይቀራል። የሁሉም እንዲሁ ነው። ሊያ ዓይኔን አይታ «የግራው ሐዘን ነው፣ የስደት ሐዘን» አለች። «ማማ ናት የፈጠረችው።»

ሳቅ አመለጠኝ።

«ሐዘን አይደለም» አልኩ። «ከመድረኩ ደረጃ ወድቄ ትከሻዬ ወልቆ ነው። አልጋ እስክይዝ ድረስ እንደዚያው ጨፈርኩ። እናትሽ ጉዳቴን ሳይቀር ነው የቀዳችው።»

ሊያ ወደ እናቷ ዞራ በደች ቋንቋ እውነት እንደሆነ ጠየቀቻት። ሰብለ የመለሰችው በአማርኛ ነው።

«አልጋ ላይ ነበረች። መድረኩ ባዶ ይደር?»

ይቅርታ አልነበረም። ማመን ግን ነበር፤ አማርኛ የምናውቅ ሁሉ ሰማን። ሊያ ሙዚቃውን አጥፍታ፣ ሁለታችንንም ሳታይ፣ የቲያትሩን ሰዎች ልታነጋግር ወጣች። ከልጃገረዶቹ አንዷ ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ካፖርቴን አውልቄ የግራውን አሳየኋቸው። አመመኝ፤ ተነሣ ግን።

ወደ ቤት

በባቡሩ ውስጥ ከፍቶኝ ነበር። ይቅርታ አልጠብቅም እያልኩ ስጠብቅ መኖሬን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ጉዞው ያስተማረኝም ይኸው ነው።

አዳራሹ በሰብለ ስም አልተሰየመም፤ በእኔም አልተሰየመም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ልጃገረዶቹን ማስተማር ጀመርኩ። ሰብለ ደጋግማ ደወለች። አላነሣሁም።